ወንድሜ ኩላሊቱን ልስጥሽ ይላል፤ እኔ ግን መቀበል አቃተኝ

መምህርት_ዘባሕርዳር፦

እንደምን አመሻችሁ። እዚህ መድረክ ላይ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን የሰው ምክር ፈለግኩ።

38 ዓመቴ ነው። ባሕር ዳር አስተምራለሁ። ደም ግፊት እንዳለብኝ ሳላውቅ ቆይቼ፣ ሳውቀው ኩላሊቶቼ ሥራ አቁመው ነበር። አሁን በሳምንት 3 ቀን እጥበት ላይ ነኝ። አንዱ እጥበት 4 ሰዓት ይፈጃል። የታጠብኩ ቀን ቤት ስገባ ከአልጋ ሌላ ምንም አያምረኝም። በማግስቱ ትንሽ ነፍስ እዘራለሁ፤ ከዚያ ተመልሼ ማሽኑ ጋ ነኝ። የባሕር ዳርን የሚያዝያ ሙቀት ታውቁታላችሁ። ጣና ፊት ለፊቴ ተንጣሎ እኔ ውሃ በብርጭቆ እየለካሁ ነው የምጠጣው። ሙዝና አቮካዶ ከተውኩ ቆየሁ፤ ፖታሺየም ይጨምራሉ ተብዬ።

ታናሽ ወንድሜ 25 ዓመቱ ነው። እናታችን ስታርፍ ገና ልጅ ነበር። ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ጀልባ ላይ ይሠራል፤ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ሰው ያመላልሳል። እጮኛ አለው፣ በቅርቡ ሊያገባ ነው። ይኸው ልጅ «አንዱን ልስጥሽ» ብሎ ከያዘኝ ሰነበተ። እኔ የደም ዓይነቴ ኤ ነው፣ የሱ ኦ ነው። ይሆናል ይላሉ።

እኔ ግን እምቢ አልኩ። ወንድሜ ይባል እንጂ ልጄ ነው። እናት ከልጇ አካል ትወስዳለች? ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ዘመዶቻችን ተሰብስበው «አንተ ካልሰጠሃት ማን ሊሰጣት ነው?» እንዳሉት ሰምቻለሁ። ከልቡ ይሁን ከይሉኝታ መለየት አልቻልኩም። ብጠይቀው «ከልቤ ነው» ነው የሚለኝ። ይሉኝታ የያዘው ሰውስ ሌላ ምን ይላል?

የሰጣችሁ፣ የተቀበላችሁ፣ እምቢ ያላችሁም ካላችሁ ንገሩኝ።

ቡና_ጠጪ፦

አይዞሽ እታለም። እግዜር ምሕረቱን ያምጣልሽ። እኔ ብሆን እቀበል ነበር። ወንድም ለመቼ ነው?

ዘንባባ_ጎዳና፦

ሁሉም «ተቀበዪ» ሊልሽ ነው፤ እኔ ግን አልልም። ከራስ በላይ ንፋስ ነው። የ25 ዓመት ልጅ ነገ ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት። የቀረችው አንዷ ብትታመምበትስ? ያኔ ማን ይሰጠዋል? ሥራው ደግሞ ጉልበት ነው። የጀልባ ሞተር ተሸክሞ የሚውል ሰው ነው። እምቢ ማለትሽ ትክክል ነው።

ባለአንድ_ኩላሊት፦

እኔ ሰጥቻለሁ። ለታላቅ ወንድሜ ነው። ስለዚህ ትንሽ ላውራ፤ ረዘም ካለ ይቅርታ።

መጀመሪያ ለዘንባባ_ጎዳና። እኔም በጉልበቴ አዳሪ ነኝ። አሁን እሠራለሁ፣ አርሳለሁ፣ ቤተሰብ አስተዳድራለሁ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ከባድ ነገር አታንሳ ተብያለሁ፤ አላነሳሁም። ያ ጊዜ ገቢ የለም። ከሕመሙ ይልቅ የከበደኝ እሱ ነው። ስለዚህ እህቴ፣ ስለ ኩላሊቱ ከማሰብሽ በፊት ወንድምሽ በነዚያ ሳምንታት ምን እንደሚበላ አስቢ። ሰው ይሄን አይነግርሽም።

ሕመሙ አለ። ማሳልና ማስነጠስ ሲመጣ ጎኔን በትራስ እይዝ ነበር። ግራውን ነው የወሰዱት፤ የግራው ደም ሥር ረዘም ስለሚል ለመትከል ይመቻል ብለውኛል። አንድ የገረመኝ ነገር ደግሞ ልንገርሽ። ተቀባዩ ታሞ ገብቶ ድኖ ይወጣል። ሰጪው ጤነኛ ገብቶ ታሞ ይወጣል። ጠያቂ ሁሉ ወደ ወንድሜ አልጋ ነው የሚሄደው። እናቴ እንኳ መጀመሪያ እሱን ስማ ነው ወደ እኔ የመጣችው። ከፍቶኝ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም። አንቺ የወንድምሽን አልጋ የሚጠብቅ የራሱ ሰው መድቢለት።

ወንድሜ ደግሞ እስከዛሬ ምን ላድርግልህ ይለኛል። አንድ ጊዜ ጊደር ሊሰጠኝ ነድቶ መጣ። ኧረ ተወኝ አልኩት። ጊደሯን ግን ተቀበልኩ፤ እውነቱን ለመናገር።

በየዓመቱ ክሬቲኒን (ኩላሊት እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ የደም ምርመራ ነው)፣ ሽንትና ደም ግፊት እመረመራለሁ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉትን ማስታገሻዎች አልነካም። ሌላ የተለወጠብኝ የለም።

ሲስተር_ከእጥበት_ክፍል፦

እጥበት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። የማውቀውን ልበል፤ ውሳኔው የሐኪሞቹና የናንተ ነው።

ዘንባባ_ጎዳና የጠየቀው ጥያቄ ትክክለኛ ነው፣ አትቆጡት። አንድ ኩላሊት ሲወጣ የቀረው ሥራውን ይጨምራል። ከጊዜ በኋላ ሁለቱ አብረው ይሠሩት ከነበረው 70 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ይሄ ለጤነኛ ሰው ይበቃል። አደጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። በአሜሪካ በተደረገ ትልቅ ጥናት በቀዶ ጥገናው ሳቢያ የሞቱት ከ10,000 ሰጪዎች 3 ገደማ ነበሩ፤ በቅርብ ዓመታት ከዚያም ቀንሷል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በሕይወት ዘመናቸው ኩላሊታቸው የሚደክም ሰጪዎች ከ10,000 ወደ 90 እንደሚሆኑ ገምቷል። ያልሰጡ ግን እንደነሱ ጤነኛ የሆኑ ሰዎች 14 ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ዜሮ ግን አይደለም። ወንድምሽ ሁለቱንም መስማት አለበት።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። አንድ ነገር አልወደድኩም። «ደም ግፊት ነው» ብለሻል። ግፊቱ ነው ኩላሊቱን ያደከመው ወይስ ቀድሞ የታመመው ኩላሊት ነው ግፊቱን ያመጣው? ብዙ ጊዜ ሰው ዘግይቶ ስለሚመጣ መለየት ያስቸግራል። በዘር የሚሄድ የኩላሊት በሽታ አለ፤ ኩላሊት ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች የሚያበዛው ለምሳሌ። እንዲህ ዓይነት ነገር ከሆነ ወንድምሽም ሊኖርበት ይችላል። በአልትራሳውንድ ይታያል፤ በወጣትነት ግን ላይታይም ስለሚችል ሐኪሞቹ በደንብ ነው የሚፈትሹት። እናታችሁ በምን እንዳረፈች የምታውቁ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። በቤተሰብ ግፊት ካለ ደግሞ የ25 ዓመት ሰጪን ሐኪሞች ረጋ ብለው ነው የሚያዩት። ዛሬ ጤነኛ ነው፣ የ50 ዓመት ሰው ሲሆን ምን እንደሚገጥመው ግን አልታየም።

የደም ዓይነት መግጠም የመጀመሪያው በር ብቻ ነው። ኦ ለኤ ይሰጣል፣ ልክ ነው። ከዚያ የሁለታችሁ ሰውነት ምን ያህል እንደሚመሳሰል የሚያይ የቲሹ ምርመራ አለ፣ የሱን ሴልና ያንቺን ደም አንድ ላይ አድርጎ የማየት ምርመራ አለ፣ ከዚያ የሱ ሙሉ ጤና አለ፤ ልብ፣ ስኳር፣ የጉበት ቫይረስ፣ ኤችአይቪ፣ ሁሉም። ብዙ ሰው እዚህ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ያልተመረመረ ኩላሊት ላይ እንቅልፍ አትጪ።

ይሉኝታን በተመለከተ ደግሞ ሰጪው ብቻውን ነው የሚጠየቀው። ያለ እህት፣ ያለ አክስት። እዚያ «ፈርቻለሁ፣ አልፈልግም» ካለ ሐኪሙ ለቤተሰብ «ምርመራው አላለፈም» ብሎ ብቻ ሊዘጋው ይችላል። ይሄ በር ክፍት መሆኑን ለወንድምሽ አስቀድመሽ ንገሪው። አንቺ ራስሽ ንገሪው።

ዲያስፖራው፦

ይሄ ሁሉ ለምን? ገንዘብ አሰባስበን ውጭ ሄደሽ ከሌላ ሰው ግዢ። ወንድምሽም ይተርፋል። እዚህ ሰሜን አሜሪካ ያለነው እናዋጣለን።

ሲስተር_ከእጥበት_ክፍል፦

ዲያስፖራው፣ ልብህ ደግ ነው፤ ምክርህ ግን አደገኛ ነው። ኩላሊት መሸጥና መግዛት በኛም አገር በብዙ አገርም ወንጀል ነው። የዓለም ሐኪሞችም በ2008 እ.ኤ.አ. በኢስታንቡል መግለጫ አውግዘውታል። የሚሸጠው ሰው ደሃ ነው፣ በወጉ አይመረመርም፣ ከዚያ በኋላም የሚያየው የለም። ዘመድ ሰጪ ይዞ ሕንድ ሄዶ መታከም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን አድርገውታል። በአገራችን ደግሞ አሠራሩ ሰጪው በደም ወይም በጋብቻ ዘመድ እንዲሆን ነው፤ ዝምድናውም ማስረጃ ይፈልጋል። መዋጮህን ለትራንስፖርት፣ ለቤት ኪራይና ወንድሟ ሳይሠራ ለሚቆይበት ጊዜ አድርገው። ያ ነው የሚጠቅማት።

ባዮሎጂ_12ኛ፦

ይሄን ጥያቄ ሳነብ ትዝ ያለኝ በዓለም የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ታሪክ ነው። ቦስተን ላይ በታኅሣሥ 1947 ዓ.ም. (ፈረንጆቹ 1954 ይሉታል) ሪቻርድና ሮናልድ ሄሪክ የሚባሉ ፍጹም ተመሳሳይ መንታዎች ነበሩ። 23 ዓመታቸው ነው። ሪቻርድ ኩላሊቱ አልቆ ሊሞት ነው። ሮናልድ እሰጣለሁ አለ። ያኔ ይሄ ነገር ይሳካ አይሳካ የሚያውቅ የለም፤ ጤነኛ ሰው መቅደድ ይገባል አይገባም ብሎ ሰው ይከራከር ነበር። በዋዜማው ሌሊት ታማሚው ለወንድሙ ማስታወሻ ላከ። ተነስተህ ወደ ቤትህ ሂድ አለው። ልክ እንዳንቺ፣ መምህርት። ሮናልድም እዚሁ ነኝ፣ የትም አልሄድም ብሎ መለሰለት።

ሪቻርድ ከአንዲት ካስታመመችው ነርስ ጋር ተጋባ፣ ልጆች ወለደ፣ 8 ዓመት ኖረ። ሮናልድ የሒሳብ አስተማሪ ሆኖ እስከ 79 ዓመቱ ቆየ። ቀዶ ጥገናውን የሠራው ሐኪም ጆሴፍ መሬይ በ1990 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኘ። እኛ አገር ደግሞ በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከአሜሪካው ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር ሆኖ ኩላሊት መትከል ጀመረ። ተማሪዎቼ ይሄንን ሲሰሙ ሁሌ የሚጠይቁኝ «ሮናልድስ አልቆጨውም?» ብለው ነው።

ዘንባባ_ጎዳና፦

8 ዓመት። ይኸው ነው የምለው።

ባዮሎጂ_12ኛ፦

ያኔ 1954 ነበር ወዳጄ። ዛሬ ከሕያው ሰው የተሰጠ ኩላሊት በአማካይ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ይሠራል። ለ38 ዓመት ሴት የዕድሜ ልክ ላይሆን ይችላል፤ እሱን አልክድም።

ወለተ_ኪዳን፦

እኔ ለባሌ የሰጠሁ ነኝ። ደሜ ገጠመ፣ ሌላውም ገጠመ። ዘመዶቼ ግን «አካልሽን አጉድለሽ እንዴት ትቀበሪያለሽ? በትንሣኤ እንዴት ልትነሺ ነው?» ብለው አስፈራሩኝ። ለንስሐ አባቴ ሄጄ ነገርኳቸው። ሳቁ። «አንበሳ የበላቸው ሰማዕታት እንዴት ሊነሱ ነው ታዲያ?» አሉኝ። ከዚያ ኮስተር አሉና «ገፍቶሽ የሚያስገባሽ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁኝ። የለም አልኩ። ባረኩኝ።

ልጅ መውለድ ለምታስቡ ሴቶች አንድ ነገር። ኩላሊት የሰጠች ሴት ስታረግዝ ግፊቷ የመጨመር ዕድሉ ከፍ ይላል። በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣ የካናዳ ጥናት ከሰጪዎቹ እርግዝና 11 በመቶው ላይ ይሄ ችግር ታይቷል፤ ካልሰጡት ላይ ግን 5 በመቶ። ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ አንብቤ ነው ያወቅኩት። በክትትል በሰላም ወልጃለሁ፣ ተመስገን።

እናት_ነኝ፦

ሁሉንም አነበብኩ። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር አለኝ።

ትልቁ ልጄ ሲታመም እኔ ልስጥ ብዬ ቀድሜ ሄድኩ። ግፊት አለብሽ ብለው መለሱኝ። ቤት ስገባ ቤተሰብ ተሰበሰበ። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ሁለቱ ወንዶች ሚስትና ሥራ አላቸው። ስለዚህ ሁሉም ዞረው ያላገባችውን ሴት ልጄን አዩ። ማንም አፍ አውጥቶ «አንቺ ስጪ» አላላትም። ዝም ብለው አዩዋት። እሷም «እሺ» አለች። ያንን «እሺ» አውቀዋለሁ። ቡና አፍዪ ስትባል የምትለው «እሺ» ነው።

በብዙ አገር ከሰጪዎች ሴቶች እንደሚበዙ አንብቤያለሁ። አልገረመኝም። እኔም እንደ እናት ለታመመው ልጄ ስል ልጄን ገፋሁ እንዳይባል ማታ ለብቻዋ አስቀምጬ «እምቢ ብትዪ ማንም አይነካሽም፣ ከፊትሽ እቆማለሁ» አልኳት። አለቀሰች። እምቢ አለች። ትንሹ ወንድሟ ከሚስቱ ጋር ተመካክሮ እሱ ሰጠ። ዛሬ ሁለቱም ደህና ናቸው። እሷም ወንድሞቿን ሳትፈራ ዓይናቸውን ታያለች።

መምህርት፣ ያንቺ ወንድም ወንድ ስለሆነ ይሉኝታ አይዘውም አትበዪ። ያሳደግሽው ነው። ከዚያ በላይ ይሉኝታ የለም። ግን ደግሞ አንቺ ስለራራሽ ብቻ የሱን ፍቅር ከይሉኝታ ጋር አትደምሪበት። ሰው የሚሰጠው አጥቶ ሲቀርም ያዝናል። እኔ ግፊት አለብሽ ብለው ሲመልሱኝ ምን እንደተሰማኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጀልባ_ነጂው፦

እታለም፣ እዚህ ድረስ መጥተሽ ታሚኛለሽ እንዴ?

ሰው ስልክ ላይ አሳየኝ። «ይሄ ያንተ እህት አይደለችም ወይ?» ብሎ። ጀልባ፣ ዘጌ፣ እጮኛ፣ የደም ዓይነት፤ ስሜን ብቻ ነው ያስቀረሽው።

አክስቴ «አንተ ካልሰጠሃት» ያለችኝ እውነት ነው። አንቺ የማታውቂው ግን እኔ ከሷ በፊት ሄጄ ደሜን ተመርምሬ ነበር። ኦ ነህ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ለሷ የነገርኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ነው እሷ ሐሳቡን የራሷ ያደረገችው። ታውቂያታለሽ።

አልፈራም አልልም። መርፌ ሳይ እንኳ ፊቴን ነው የማዞረው። ነገር ግን ቀለበት ሊታሰር ቀን ስንቆርጥ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ቁጭ ብለው አንቺ «ያ ቀን እጥበት አለኝ» አልሽ። ቀኑ ተቀየረ። በሠርጌም፣ በልጄ ክርስትናም እንደዚያ እንዲሆን አልፈልግም። ይሄ ይሉኝታ ከሆነ ይሁን።

ባለአንድ_ኩላሊት፣ ጋሼ፣ ያልከውን በሙሉ አንብቤዋለሁ። የጊደሯን ነገር ግን እህቴ እንዳታነብ ደብቀው፤ ጀልባ ልግዛልህ ብላ ትጨነቃለች።

ቡና_ጠጪ፦

አሳቅከኝ! እግዜር ይባርክህ ወንድምዓለም።

መምህርት_ዘባሕርዳር፦

አንተ ልጅ! ቤት ስትመጣ እንነጋገራለን።

ለመለሳችሁልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናት_ነኝ፣ የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። እሺም እምቢም አላልኩም ገና። መጀመሪያ እኔ የበሽታዬን መነሻ ከሐኪሜ ጋር እጨርሳለሁ። እናታችን ስታርፍ እግሯ ያብጥ ነበር፤ ይሄንን ለማንም ሐኪም ነግሬ አላውቅም። እሱ በዘር የሚሄድ ነገር እንደሌለበት ካልታወቀ በቀር አንድ እርምጃ አንሄድም።

ሁለተኛ፣ ሐኪሙ ዘንድ ብቻውን ይገባል። እኔ ውጭ እንኳ አልቀመጥም፤ ቤት ነው የምሆነው። ሦስተኛ፣ እጮኛው ትጠየቅ። እሷ ያለችውን እስካሁን ማንም አልነገረኝም።

ጀልባ_ነጂው፦

ፈርታለች። «ሐኪሙ ራሱ በአፉ ይንገረኝ» ነው ያለችው። አብራኝ ትመጣለች።

መምህርት_ዘባሕርዳር፦

ጎበዝ ልጅ። እንደዚያ ነው መሆን ያለበት።

ዘንባባ_ጎዳና፦

እሺ፣ እኔም ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ ግን ልጁን ወደድኩት። ከተተከለ በኋላስ የሷ ኑሮ ምን ይመስላል? የተቀበለ ሰው አልጻፈም።

አዲስ_ኩላሊት፦

እኔ አለሁ። ከአጎቴ ነው የተቀበልኩት። አሮጌዎቹን ኩላሊቶች አያወጧቸውም፤ አዲሱን ከሆድ በታች ወደ ጎን ነው የሚያስቀምጡት። ሰው ሲሰማ ሦስት ኩላሊት አለሽ ብሎ ይስቅብኛል። መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ ነው፤ ጠዋትና ማታ፣ ሰዓት ሳያልፍ። ሰውነት ባዕድ ነገር ነው ብሎ እንዳይዋጋው ነው። ያቋረጠ ሰው ኩላሊቱን ያጣል፤ አይቻለሁ። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ቀርቷል። ጾም ስለ መድኃኒቱ ሰዓት ከንስሐ አባትሽና ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪ። እጥበት ግን የለም። ውሃ እንደልቤ እጠጣለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ሽንቴ ሲመጣ እንደ ሞኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ የሚያናድድ ነገር ልንገርሽ፤ መድኃኒቱ አንዳንዴ ከገበያ ይጠፋል። ሁሌ የወር መጠባበቂያ ያዢ። አዲስ አበባ ስትሄዱም ሆስፒታል አካባቢ ቤት ቀድማችሁ ተከራዩ፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ክትትሉ ስለሚበዛ ወዲያው ባሕር ዳር አትመለሱም።

የዘጌው፦

እኔ ከልጁ ጋር ወደቡ ላይ አብሬ እሠራለሁ። ስለ ሥራው አትጨነቂ፣ መምህርት። ተራውን እኛ እንይዝለታለን። ከገቢውም ድርሻውን እናወጣለታለን፤ ትናንት ተነጋግረናል። ሞተር ማንሳት የለም፣ መልሕቅ መሳብም የለም። ተመልሶ ሲመጣ ቁጭ ብሎ ገንዘብ ይቀበላል። እሱን ሲችልበት!

ጀልባ_ነጂው፦

ሲስተር፣ ማክሰኞ ለመጀመሪያው የደም ምርመራ ልሄድ ነው። ባዶ ሆድህን ና ብለውኛል። ቡና ግን ይቻላል አይደል?

ሲስተር_ከእጥበት_ክፍል፦

አይቻልም። ያለ ስኳርም አይቻልም። ውሃ ጠጣ፤ እጮኛህን ይዘህ ሂድ፤ መርፌው ሲመጣ ፊትህን ወደሷ አዙር።